ራሱን የገዛው ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ የመግቢያ ካርድ ሰጠኝና ወደ አንድ ትልቅ አዳራሽ ጎራ አልኩ። ካርዱ ላይ በደማቅ ቀለም «ራስህን ግዛ፤ ሕይወትህን ምራ» የሚል ተጽፏል። እንዲህ ዓይነት ቦታ እግሬ አይበዛም። ሰው ራሱን ለመግዛት ከኪሱ ከፍሎ መግባቱ ያስቀኛል። ለመሆኑ ማን ሸጦን ነው ራሳችንን የምንገዛው? ቢሆንም ካርዱ ነፃ ነው፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ቤት ደግሞ የልብስ አጠባ ቀን ስለነበር ሄድኩ።

አሠልጣኙ ወጣት ነው። ሱፉ ልክክ ብሎበታል። መድረኩን ከጫፍ ጫፍ ሲያካልለው አንድ ጊዜም ቃል አልጠፋበትም። «ዛሬ ከውጭ አገር መጽሐፍ አላስተምራችሁም፤ ሁላችሁም ከምታውቁት ነው» አለና የጠፋውን ልጅ ምሳሌ አነሣ። የሉቃስ ወንጌል፣ ምዕራፍ 15። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ በራ። «ታናሹ ልጅ ለምን ከሰረ?» ይላል። መልሱ አንድ በአንድ ተከታትሎ መጣ፤ ዕቅድ ስላልነበረው፣ ጓደኛ ስላልመረጠ፣ ገቢና ወጪውን ስላልመዘገበ፣ ስሜቱን ስላልገዛ። ቀጥሎ «እንዴት ተነሣ?» የሚል መጣ። ራሱን ገመገመ፣ ወሰነ፣ ተነሣ፣ ተራመደ። አዳራሹ አጨበጨበ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታላቁን ልጅስ አይታችሁታል? አንድ ቀን ከሥራ አልቀረም፣ አንድ ትእዛዝ አልጣሰም። የዲሲፕሊን ሰው ማለት ይሄ ነው! ቤት የሚቆመው በታናሹ ሳይሆን በታላቁ ነው» አለ። አዳራሹ ከቀድሞው ይበልጥ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እንዲያውም አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ነው ያጨበጨብኩት። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ታክሲ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። አሠልጣኙ ያን ያህል ያመሰገነው ታላቅ ልጅ፣ ታሪኩ ሲያልቅ የት ነው ያለው? ከበር ውጭ! ቤቱን አቁሟል የተባለው ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ቤቱን አፍርሷል የተባለው ደግሞ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ቀለበት አጥልቆ፣ ከሰባው ፊሪዳ እየበላ ነው። ይሄ ነገር እንዴት ነው? ብዬ ቤት እንደገባሁ መጽሐፉን ገለጥኩ።

ይህን የምጽፈው አሠልጣኙን ለመክሰስ አይደለም። ምሳሌውን ወደ ውስጥ ገልብጦ፣ የአንድ ሰው የልብ ታሪክ አድርጎ ማንበብ ከእሱ የተጀመረ ነገር አይደለም። ጥንታውያን ተርጓሚዎች ታላቁን ልጅ በእስራኤል፣ ታናሹን በአሕዛብ እየመሰሉ አንብበውታል። አውግስጢኖስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ400 ገደማ በጻፈው ኑዛዜ የራሱን የወጣትነት ዘመን በዚህ ልጅ መንገድ አይቶታል። ሰው ከአምላኩ የሚርቀው በእግሩ ተጉዞ፣ በመርከብ ተሳፍሮ እንዳልሆነ ይናገራል። ሩቁ አገር ያለው እዚሁ ደረታችን ውስጥ ነው ማለቱ ነው። የእኛም ሊቃውንት «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ ፊቱ ያሳያሉ። ስለዚህ ለአሠልጣኛችንም አንድ «አንድም» አይነፈገውም። ነገር ግን «አንድም» ደንብ አለው። አዲሱ ትርጓሜ ታሪኩን ያሰፋዋል እንጂ አይቆርጠውም። አሠልጣኙ ሦስት ነገር ቆርጧል፤ ራቡን፣ አባቱንና የታላቁን ልጅ ቁጣ። እነዚህ ሦስቱ ከወጡ የሚቀረው ታሪክ አንድ የከሰረ ነጋዴ ሥራውን እንዴት እንዳቃና የሚናገር ነው።

በመጀመሪያ ግን በትክክል የያዘውን ልስጠው። የታሪኩ ማጠፊያ ያ ልጅ እሪያዎቹ መካከል ተቀምጦ ያደረገው ነገር ነው። በግሪክኛው «ወደ ራሱ መጣ» ነው የሚለው። የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን «ወደ ልቡ ተመለሰ» አሉት። እንዴት ያለ ጥሩ ትርጉም ነው! ልብ በእኛ ቋንቋ መውደጃ ብቻ አይደለም፤ ማሰቢያም ነው፣ መኖሪያም ነው። ያልገባውን ሰው «ልብ በል» እንለዋለን። የባከነውን «ልብህ የት ሄዷል?» እንለዋለን። ከጥፋቱ የማይማረውን ደግሞ «ልብ ግዛ!» እንለዋለን። «መግዛት» ደግሞ ሁለት ነው፤ ዋጋ ከፍሎ የራስ ማድረግም ነው፣ ሥልጣን ይዞ ማስተዳደርም ነው። ያ ልጅ በዚያች ሰዓት ልብ ገዛ። ዋጋውንም ከፈለ። የአሠልጣኙ ግድግዳ ላይ የበራው «ራሱን ገመገመ» የሚለው ግን የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። መገምገም ከውጭ ሆኖ ማየት ነው። መመለስ ግን ትቶት ወደሄደው ቤት መግባት ነው።

አሁን ወደ ተቆረጡት ልለፍ። ከራቡ ልጀምር።

ማርክ አለን ፓወል የሚባል አሜሪካዊ የአዲስ ኪዳን መምህር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ የሚገርም ነገር ይተርካል። በአሜሪካ 100 ሰዎች ይህንኑ ምሳሌ አንብበው፣ መጽሐፉን ዘግተው፣ በቃላቸው እንዲተርኩት አደረገ። ልጁ ገንዘቡን ማባከኑን ሁሉም ተናገሩ። በዚያ አገር ጽኑ ራብ መግባቱን ያስታወሱት ግን 6 ብቻ ነበሩ። ያንኑ ሙከራ በሩስያዋ ሴንት ፒተርስበርግ በ50 ሰዎች ላይ ሲያደርገው፣ 42ቱ ራቡን አነሡ። ይህች ከተማ ሌኒንግራድ ትባል በነበረበት ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 በጀርመን ጦር ተከብባ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝቧ በራብ ያለቀባት ናት። ፓወል ኋላ ታንዛኒያ ሄደና «ልጁ ለምን ተራበ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያ ደግሞ ሌላ መልስ አገኘ፤ የሚበላ ነገር የሰጠው ሰው ስላልነበረ! አንባቢ ሆይ፣ ይህም ሉቃስ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው። ሦስቱም መልስ እዚያው ሁለት ሦስት ቁጥር ውስጥ አለ። ልጁ አባከነ፣ ራብ ገባ፣ የሚሰጠው ጠፋ።

ራብ መግባቱን በኢትዮጵያ ምድር መዝለል እንዴት ይቻላል? ክፉ ቀንን በስሙና በዓመቱ ቆጥረን የምናውቅ ሰዎች ነን። የ1977ቱን ያየ ሰው፣ ራብተኛን አይቶ «ዕቅድ ስላልነበረህ ነው» ለማለት አፉ ይያዝበታል። እንደዚያም ሆኖ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው በሙሉ ዘለልነው። ራስን ስለ መግዛት የሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የሰውን መውደቅ ሁሉ ከጠባዩ ያወጣዋል፤ መነሣቱንም ሁሉ ከጠባዩ። ስለዚህ የቆመ ሰው በራሱ ጉልበት የቆመ ይመስለዋል፣ የወደቀን ሰው ሲያይ ደግሞ የወደቀበትን ምክንያት ሳይጠይቅ ያወቀው ይመስለዋል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው የተቆረጠው አባትየው ነው። ልጁ እሪያዎቹ መካከል ሆኖ ንግግር አዘጋጅቷል። ሦስት ነገር ለማለት ነው ያሰበው፤ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። ልብ በሉ፤ ወደ ልቡ ተመልሶም እንኳ ገና ውል እያረቀቀ ነው። ልጅነቱ ካልሆነ በደመወዝ ልኑር ነው ነገሩ። አባትየው ግን ከሩቅ አይቶት እየሮጠ መጣና አንገቱን አቅፎ ሳመው። ልጁ ያጠናውን ጀመረ፤ ሁለቱን አለ፤ ሦስተኛዋ ላይ ሳይደርስ አባትየው ወደ አገልጋዮቹ ዞረና «ልብስ አምጡ» አለ። የደመወዙ ነገር በዚያው ቀረ። በግብፅ፣ በሊባኖስና በኢየሩሳሌም ለአርባ ዓመት ያህል ያስተማረው ኬኔት ቤይሊ፣ በምሥራቁ የገጠር ባህል አንድ የተከበረ ሽማግሌ ልብሱን ሰብስቦ በአደባባይ መሮጡ ውርደት እንደሆነ ጽፏል። አባትየው መንደርተኛው በልጁ ላይ ከመሳለቁ በፊት መሳለቂያውን በራሱ ላይ አመጣው ማለት ነው። እንግዲህ ይህ በየትኛው የግድግዳ ጽሑፍ ውስጥ ይገባል? ልጁ አራት እርምጃ ተራመደ፤ እሺ። የቀረውን መንገድ የሮጠው ግን ማን ነው?

ሦስተኛው፣ ዋናው፣ ታላቁ ልጅ ነው።

ኢየሱስ ይህን ምሳሌ የተናገረው ለማን እንደነበር ሉቃስ ምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ነግሮናል። ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል ብለው ላንጎራጎሩ ፈሪሳውያንና ጻፎች ነው። እነዚህ ሰዎች ሆዳቸውን፣ እጃቸውን፣ ቀናቸውን የገዙ ሰዎች ናቸው። ምሳሌው የተነገረው ለታላላቆች ነው እንጂ ለታናናሾች አይደለም። ከእርሱ ቀድመው ሁለት ምሳሌዎች አሉ። በጉ የጠፋው ውጭ፣ ሜዳ ላይ ነው። የሴትየዋ ድሪም የጠፋው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጦም መጥፋት አለ።

ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ የዘፈንና የጭፈራ ድምፅ ሰማ። ገብቶ እንደማየት አንድ አገልጋይ ጠርቶ ጠየቀ። ሲነገረው ተቆጣ፤ አልገባም አለ። አባትየው ለሁለተኛ ጊዜ ከቤት ወጣ፤ ለታናሹ እንደሮጠ ለታላቁም ወጥቶ ለመነ። ታላቁ ልጅ ያን ጊዜ የተናገረው ነገር ነው ሁሉን የሚያሳየው። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ ነው ያለው። «ተገዛሁ» ነው ቃሉ። አሠልጣኙ «ራሱን የገዛ» ያለው ሰው፣ ስለ ራሱ ሲናገር «የተገዛሁ» ነው የሚለው! ቤቱን ሲያለማ፣ ትእዛዝ ሲያከብር፣ በልቡ ደመወዝ እየቆጠረ ነበር። ታናሹ በሞያተኛነት ልግባ ብሎ የለመነውን፣ ታላቁ ሳይነግር ለዓመታት ኖሮበታል።

ቀጥሎ አንድ ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም ይላል። ይሄም ያስገርማል። ታሪኩ መጀመሪያ ላይ አባትየው ገንዘቡን ለሁለቱም አካፍሏቸዋል። በሙሴ ሕግ ለበኩር ልጅ እጥፍ ድርሻ ይገባዋል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ የእሱ ነው። ጥቦቱም ፊሪዳውም የእሱ ነበር። ያጣው ጥቦት አይደለም፤ ከራሱ በረት አንድ ጥቦት አውጥቶ አርዶ ለመደሰት የሚሆን ልብ ነው። ከዚያ ደግሞ ወንድሙን «ይህ ልጅህ» አለው። ወንድሜ ማለት አልሆነለትም። አባትየው ሲመልስ ቀስ ብሎ «ይህ ወንድምህ» ብሎ አቃናለት።

ከሁሉ የከፋችው ግን አንዲት ቃል ናት። ታላቁ ልጅ ወንድሙ ገንዘቡን ከጋለሞቶች ጋር እንደበላው ተናገረ። ማን ነገረው? ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ተራኪው ልጁ ገንዘቡን እንዳባከነ ነው የነገረን፤ ስለ ጋለሞታ አንዲት ቃል የለም። አገልጋዩም የነገረው ወንድምህ መጣ፣ ፊሪዳ ታረደ ነው። ጋለሞቶቹን ያመጣቸው ታላቁ ልጅ ራሱ ነው፤ ከየት ቢባል ከገዛ ልቡ። እጁንና እግሩን ሲገዛ የኖረ ሰው፣ ልቡ ውስጥ ማን ሲገባ ማን ሲወጣ እንደከረመ አላወቀም ነበር።

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ የመንፈስን ፍሬ ዘጠኝ አድርጎ ዘርዝሯል። ራስን መግዛት ዘጠነኛው ነው። መጀመሪያው ፍቅር ነው፣ ሁለተኛው ደስታ። ታላቁ ልጅ ዘጠነኛውን ጨብጦ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አጣቸው። ያለ እነሱ ደግሞ ዘጠነኛው ራሱ አልበረከተለትም። ምክንያቱም ቁጣው መጥቶ በር ላይ ሲያቆመው፣ ያ ሁሉ ዓመት የገዛው ራስ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አልታዘዝም አለው።

ሬምብራንት በመጨረሻ ዘመኑ የሣለው የጠፋው ልጅ መመለስ ሥዕል በሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። አባትየው በሁለት እጁ የተንበረከከውን ልጅ ጀርባ ይዟል። በቀኝ በኩል ደግሞ ቀይ ካባ የደረበ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እጆቹን በምርኩዙ ላይ ያጣመረ ሰው አለ። ብዙዎች ታላቁ ልጅ ነው ይሉታል። ሆላንዳዊው ካህን ሄንሪ ናውወን እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያ ሙዚየም ሄዶ ሥዕሉ ፊት ለፊት ለሰዓታት ተቀመጠ። በ1992 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። መጀመሪያ ራሱን ያየው በተንበረከከው ልጅ ነበር። ኋላ አንድ ወዳጁ «አንተ እኮ የምትመስለው ታላቁን ነው» አለው። ናውወን የቤቱ የበኩር ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ታዛዥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያልጠፋ ሰው ነው። ያ አስተያየት ራሱን በአዲስ ዓይን እንዲያይ እንዳደረገው ጽፏል። የታናሹ ጥፋት ይታያል፤ ሰውየውም ያውቀዋል። የታላቁ ጥፋት ግን ምስጉን ጠባዩ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚኖር ባለቤቱም አያገኘው።

እናንተዬ፣ እንዲህ ዓይነቱን ሰው በየቤታችን አናውቀውም? ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ጾሞ፣ ቡና ላቀረበችለት ልጅ ደግ ቃል የሚነፍግ አለ። ጉቦ እንዳይበላ እጁን የገዛ፣ ግን ባለጉዳይን ቀና ብሎ የማያይ ሹም አለ። ታናናሾቿን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ አሁን ግን በሠርጋቸው ቀን ጥግ ይዛ ውለታዋን የምትቆጥር እኅት አለች። አይጠጡም፣ አይቅሙም፣ አያመሹም። ሁሉም ያከብሯቸዋል፤ አብሯቸው መቀመጥ የሚፈልግ ግን የለም። እነዚህን ሰዎች አልንቃቸውም። ድካማቸው እውነት ነው፣ ቤት ያቆሙትም እነሱ ናቸው። እንዲያውም በደንብ አውቃቸዋለሁ።

አሁን ለምን እንዳጨበጨብኩ ልንገራችሁ።

እኔ ታላቅ ነኝ። አባታችን ሲሞት አንዲት ላዳ ታክሲና በባንክ ያለች ጥቂት ገንዘብ ተወልን። ታናሽ ወንድሜ በ1996 ዓ.ም. «ድርሻዬን ስጡኝ» አለ። ላዳዋ ተሸጠች። እሱ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እኔ ከእማዬ ጋር ቀረሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መድኃኒቷን በየወሩ ገዝቻለሁ፣ ጣራውን አስጠግኛለሁ፣ አንድ ቀን አምሽቼ ገብቼ አላውቅም። ወንድሜ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሰው ሲጠይቀኝ «ምን ይሆናል? በመጠጥና በሴት ጨርሶት ነው» እል ነበር።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ከግቢያችን እልልታ ሰማሁ። የጎረቤት ልጅ በር ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ ወንድምህ መጣ እኮ! በግ ታረደ!» አለኝ። ቆምኩ። ከዚያ ዞሬ ማዕዘኑ ላይ ካለችው ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ አዘዝኩ፤ አልጠጣሁትም። ምን ሳደርግ እንደነበር ልንገራችሁ? የበጉን ዋጋ እያሰላሁ ነበር። እማዬ ጋ ለወሩ አስቤዛ የተውኩት ገንዘብ ስንት እንደሆነ አውቃለሁና፣ በጉ ከየት እንደተገዛ ወዲያው ደረስኩበት።

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በነጠላ ጫማ መጣች። «እዚህ ነህ እንዴ? ወጡ ቀዘቀዘ እኮ ልጄ፤ ና ግባ» አለችኝ። እኔም «ለእኔ አንድ ቀን ዶሮ አርደሽልኝ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ያን ጊዜ ምሳሌው ትዝ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቤ ነው የወጣው። እማዬም ትንሽ ዝም አለችና «በዚያ ቤት ያንተ ያልሆነ ምን አለና ነው እኔን የምትጠይቀኝ?» አለች። ክንዴን ይዛኝ ገባን። ወንድሜ ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ከስቷል። ጎረሰኝ። አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ። ሁሉም አጨበጨቡ። እግሬ ገብቷል፤ እኔ ግን ገና ሻይ ቤቱ ነበርኩ።

ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርተን ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። «ጋሼ፣ የላዳዋን ብር አጥፍቼዋለሁ፤ አልዋሽህም» አለኝ። «ግማሹን ደላላ በላው፣ ግማሹን እኔው። ሱቋን ግን ሠርቼ ነው ያቆምኳት።» ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ከጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ ተነሥቶ የተዛመተውንና 62 ሰው የሞተበትን በውጭ ዜጎች ላይ የተነሣ ጥቃት እኔም በዜና ሰምቻለሁ። የሱ ሱቅ በአንድ ሌሊት ባዶ ቀረች። ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር መሬት ላይ ተኛ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የሚያውቃቸው ሁሉ ተበታትነው፣ የሚያበላው ሰው አጥቶ ከረመ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አልኩት። «አልጠየቅከኝማ» አለኝ።

መጠጡንና ሴቱን ማን ነገረኝ? ማንም። እኔው ነኝ ያመጣኋቸው። ራቡን ደግሞ ከነመኖሩም አልጠየቅኩም። አሜሪካኖቹ መጽሐፉን ዘግተው የረሱትን፣ እኔ ወንድሜ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ያኔ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት ብል ይሻላል። ወደ ልቡ ለመመለስ እሪያ መጠበቅ የሚያስፈልገው ታናሽ ልጅ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምሳሌው ራስን ለመግዛት መመሪያ ይሆናል ወይ? ይሆናል እላለሁ፤ ግን አዳራሹ ውስጥ እንደተባለው አይደለም። ከስንት ነገር ታቀብክ ብሎ አይጠይቅም። የሌላው ደስታ ሙዚቃ ሲሰማህ መግባት ትችላለህ ወይ ነው ጥያቄው። የወደቀውን ሰው ጥፋት በሐሳብህ ከመሙላትህ በፊት የገባበትን ራብ ትጠይቃለህ ወይ ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ራስ፣ ምንም ያህል በዲሲፕሊን ቢያዝ፣ ተገዛ እንጂ ገዛ አይባልም። ደግሞም ብቻውን አይሆንለትም። ታናሹን ሮጦ የሚያገኘው፣ ታላቁንም ወጥቶ የሚለምነው ሰው ያስፈልጋል። ለእኔ ነጠላዋን ተከናንባ የመጣች ሰው ነበረችኝ። እማዬ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

ታሪኩ ታላቁ ልጅ ይግባ አይግባ ሳይነግረን ያልቃል። ሉቃስ በሩን ክፍት ትቶልናል።

አዳራሽ የገባሁበት ካርድ ጀርባ ላይ የሁለተኛው ዙር ሥልጠና ቀን ተጽፏል፤ መጪው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ግን ወንድሜ የልጁን ልደት ያከብራል። ሙዚቃም አለ ብሏል። እኔ በጊዜ እሄዳለሁ።